ትንፋሽ ልታመጣ የተላከችው ምራት

ዶ ፕዋ ሺን መሞትን አይፈሩም ነበር፤ የሚፈሩት ተናደው መሞትን ነው። ይህን ደግሞ የወርቅ ቀጥቃጮች ሰፈር ሰው ሁሉ ያውቃል። ያወሩት ራሳቸው ናቸዋ!

«እኔ ራሴን አውቀዋለሁ» ይላሉ፣ አልጋቸው ላይ በሦስት ትራስ ተደግፈው። «የመጨረሻዋ ደቂቃ ስትደርስ አንዱ ጅል ይመጣና በሩን ድርግም ያደርገዋል። እኔ ደግሞ አልችልም፣ እሳደባለሁ። ስድቡን ሳልጨርስ እሞታለሁ። ከዚያ የት እወለዳለሁ? እዚያ ነዋ!» ብለው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን እንሽላሊት በአገጫቸው ያሳያሉ። «ይሄም እንደኔው ምላሰኛ አማት ነበረ ይሆናል።»

ሊጠይቅ የመጣ ጎረቤት ሆዱን ይዞ ይስቃል። እሳቸው ግን አይስቁም። በበርማዋ ማንደሌ ከተማ ተወልዶ ይህን የማያውቅ የለም፤ ሰው ሲሞት ልቡ ያረፈበት ነገር ነው ወደሚቀጥለው ልደት የሚመራው። በሰላም የሄደ በሰላም ይወለዳል፣ በቁጣ የሄደ ደግሞ እንጃለት። ለዚህ ነው የሚሞት ሰው አጠገብ የማይለቀሰው፣ የማይጮኸው፣ የውርስ ነገር የማይነሳው። አንድ ልቡ የረጋ ሰው ከራስጌው ይቀመጥና ትንፋሹን እንዲያይ ቀስ እያለ ይመራዋል። ትንፋሽ ላይ ያረፈ ልብ አይናደድም ይባላል።

ታዲያ ሰማንያ አንድ ዓመት ሙሉ ሲናደዱ የኖሩ ሴት በአንዲት ደቂቃ ምን ይውጣቸዋል? ጭንቀታቸው ይኸው ነበር።

ሐኪሙ «ልባቸው ደክሟል፣ ወር መድረሳቸውንም እንጃ» ባለ ማግስት ምራታቸውን ኦን ዪንን ጠሯት።

«ነገ ወንዙን ተሻገሪና ሳጋይን ገዳሙ ሂጂ። ለአዲስ ዓመቱ የውሃ መራጨት በዓል አሥር ቀን ተቀምጠው የሚያሰላስሉ ሰዎች ይቀበላሉ። ትንፋሽ ማየቱን ተማሪና አምጪልኝ።»

«እማ፣ ሽንኩርት ነው እንዴ ተገዝቶ የሚመጣው?»

«አፍሽን ዝጊ! ሽንኩርትም ስልክሽ የበሰበሰውን መርጠሽ ነው የምታመጪው። ይሄን እንኳ አይተሽ አምጪ።»

«ኮ ትዊን ለምን አይሄድም? ልጅዎ እሱ ነው።»

«ትዊን?» አሉ አሮጊቷ፣ በንቀት ሳይሆን በሐዘን። «ትዊን ቀኑን ሙሉ መዶሻ ሲያነሳ ሲጥል ይውላል፤ እኔን ሲያይ ግን እንደ ሕፃን ይነፋረቃል። ከራስጌዬ ተቀምጦ በእንባው ሊያሰጥመኝ ነው? መነኩሴውም ይመጡልኛል፣ ድምፃቸው ደስ ይላል፣ ግን ከቀትር በፊት ምግባቸውን ሊበሉ ይሄዳሉ። ሞት ደግሞ የመነኩሴ ሰዓት አያውቅም።» ትንሽ ቃተቱና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «አንቺ ነሽ የምትቀመጪው። እጅሽ አይንቀጠቀጥም።»

ኦን ዪን ምራታቸው በሆነችበት ሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ከዚህች ሴት አፍ የወጣ ምስጋና ቢኖር ይህ ነው፤ እሱም ወደ ግድግዳ ዞረው የተናገሩት። ልታለቅስ ቃጣት፣ ወዲያው ደግሞ ተናደደች። ሠላሳ አንድ ዓመት ከስድብ በቀር ያልመገቧት ሴትዮ ዛሬ ለሞታቸው እሷን መረጡ!

የስድቡ ምንጭ የቤተሰቡ ሙያ፣ ያው ወርቁ ነበር። ወንዶቹ ግቢው ውስጥ ወርቁን በመዶሻ ይቀጠቅጣሉ፤ ሴቶቹ ደግሞ ከኋላ ባለች ጠባብ ክፍል የሳሳውን የወርቅ ቅጠል እየቆረጡ በቀርከሃ ወረቀት መሀል ያሽጉታል። ያቺ ክፍል መስኮቷ አይከፈትም። ማራገቢያ የላትም፣ በሚያዝያ ሙቀት እንኳ። ቅጠሉ ሹክ ሲሉት የሚርገበገብ፣ ቢያስነጥሱ የሚጠፋ ነገር ነው። ኦን ዪን በሃያ አንድ ዓመቷ ተሞሽራ ስትገባ አማቷ የቀርከሃ ማስመሪያ ይዘው ከኋላዋ ተቀመጡ። ቅጠሉ እርግብ ካለ አንጓዋ ላይ ጧ! ነው።

«ትንፋሽሽን ዋጪ! ከአያያዝ ይቀደዳል!»

ዋጠች። ቅጠሉን በቀንድ መቆንጠጫ ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች፣ ታቃናለች፣ ትከረክማለች፤ ከዚያ ብቻ ፊቷን ወደ ትከሻዋ አዙራ ትተነፍሳለች። እስከ ሃምሳ መቁጠር ለመደች። የሚገርመው እሷ ያሸገችውን ወርቅ ታላቁ የቡድሃ ምስል ላይ የሚለጥፉት ወንዶች ናቸው፤ ሴት ከአጥሩ ወዲህ ተንበርክካ ታያለች። በአንድ ፊት ላይ አንዲት ቅጠል ለጥፋ አታውቅም። የቀራት ነገር ቢኖር የተዋጠ ትንፋሽ ነው። እቤት ሻይ ስትቀዳ እንኳ ሳይታወቃት ትዘጋዋለች፤ ባሏ ኮ ትዊን ጋዜጣውን ሳያወርድ «ዪን፣ ተንፍሺ» ይላታል።

እንግዲህ ትንፋሽ እንድትማር የተላከችው ይህችው ሴት ናት። ጉድ እኮ ነው!

ገዳሙ ስልኳን ተቀበላት፣ ቡናማ ነጠላ አለበሳት፣ ዝም በዪ አላት። ደወሉ ከንጋቱ በፊት ይደወላል፤ ከቀትር በኋላ እህል የለም። አስተማሪው፣ ሳያዶ የሚሏቸው አንድ ዓይናቸው በሞራ የተሸፈነ መነኩሴ፣ የመጀመሪያውን ቀን ያሉት ይህን ብቻ ነው። «አፍንጫችሁ ጫፍ ላይ በር ጠባቂ ሁኑ። ሲገባ ገባ፣ ሲወጣ ወጣ። ተከትላችሁት አትሂዱ። አታሳጥሩት፣ አታስረዝሙት። ሥራው የእሱ ነው፤ እናንተ እወቁት ብቻ።»

ቀላል ነው፣ አለች በልቧ። እግሯን አጣጥፋ ዓይኗን ጨፈነች። ገባ። አወቀችው። እና ቀጥ አለ! እንደ ወርቅ ክፍሉ ሁሉ ጉሮሮዋ ራሱ በሩን ዘጋ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሃምሳ ላይ ፊቷ ወደ ትከሻዋ ዞረና እንደ ብስክሌት ጎማ ተነፈሰች። ከጎኗ የተቀመጡት ጡረተኛ መምህርት ዶ ቾ ቾ አንድ ዓይናቸውን ከፍተው አዩዋት።

እንደገና ሞከረች። ቀጥ። እንደገና። ቀጥ። በሦስተኛው ቀን ጆሮዋ ይጮህባት ጀመር። በአራተኛው ቀን ራሷን ስታ ዶ ቾ ቾ ጭን ላይ ወደቀች፤ ዝምታው ግዴታ ባይሆን ኖሮ ሴትዮዋ ምን እንደሚሏት ፊታቸው ይናገር ነበር። ስትረሳው ልክ እንደማንም ሰው ትተነፍሳለች። ልታየው ስትል ነው የሚሸሻት። ቀኑ ደግሞ እየሄደ ነው። ማታ ማታ ምንጣፏ ላይ ጋደም ብላ የምታስበው አንድ ነገር ነበር፤ ባዶ እጄን ተመልሼ ምን ልላቸው ነው?

ከሰዓት በኋላ ተቀማጭ ሁሉ እየተንበረከከ ያየውን ለሳያዶ ይናገራል። ዶ ቾ ቾ፣ ልቡ ለረጋ ሰው ይታያል የሚባለውን ብርሃን በየቀኑ ያያሉ። አይ የእሳቸው ብርሃን! ሰኞ ጭስ ይመስላል፣ ማክሰኞ የተባዘተ ጥጥ። ኦን ዪን እስከዚያ ድረስ «ደህና ነው ሳያዶ» እያለች አምልጣለች። በአምስተኛው ቀን ግን ኀፍረቱም ጭንቀቱም ተጋግዘው አሸነፏት።

«ብርሃን አየሁ ሳያዶ» አለች ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ተክላ።

«እሰይ! ምን ዓይነት?»

«ነጭ። የተባዘተ ጥጥ የመሰለ።»

«ዶ ቾ ቾም ያየችው የተባዘተ ጥጥ ነው» አሉ ሳያዶ። «ከአንድ ነጋዴ ነው የገዛችሁት?»

ከኋላ የተሰለፉት ሴቶች ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ። ኦን ዪን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። በዚህ ቤት ያላዩትን አየሁ ማለት ቀላል ነውር አይደለም፤ እሷም ታውቃለች።

«ዋሽቻለሁ ሳያዶ። ምንም አላየሁም። ሳየው ይቆማል።»

«ምኑ?»

«ትንፋሼ። ልክ ሳየው ቀጥ ይላል።»

ሳያዶ ማራገቢያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «እስቲ እዚሁ እዪው» አሉና የግድግዳውን ሰዓት ተመለከቱ። ዓይኗን ጨፈነች። በመጨረሻ ፊቷ ወደ ትከሻዋ ዞሮ ፉፍ ስትል ሳያዶ ቅንድባቸውን ሰቀሉ።

«ሃምሳ ሁለት ሰከንድ! ምንድን ነው ሥራሽ? ዋናተኛ ነሽ?»

«የወርቅ ቅጠል አሻጊ ነኝ።»

ሲገባቸው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ቀና ብለው ሲያዩዋት ግን እያለቀሰች ነው፤ ሳቃቸውን ዋጡት። ያኔ ሁሉንም ዘረገፈችው። አማቷን፣ እንሽላሊቱን፣ ሐኪሙ ያለውን፣ ማስመሪያውን፣ ሁሉንም። «አምጪልኝ ብለው ነው የላኩኝ ሳያዶ። አምስት ቀን ነው የቀረኝ። ምን ይዤ ልግባ?»

«አማትሽ አሁን ምን እያደረጉ ነው?»

«ተኝተው ነው።»

«ይተነፍሳሉ?»

«ይተነፍሳሉ እንጂ!»

«እንግዲያማ ቤታቸው ውስጥ አለላቸው» አሉ ሳያዶ። «ያላቸውን ነገር ነው ከዚህ ልትጭኚላቸው የመጣሽው?»

ይሄም መልስ ሆኖ! ኦን ዪን ሦስት ጊዜ ሰግዳ ተነሳች። አንድ ዘዴ ይነግሩኛል ብላ ነበር። ሳያዶ ከኋላዋ ጨመሩ። «ሠላሳ ዓመት የጠበቀ በአሥር ቀን አይላላም። አትታገይው። ሲቆም ቆመ በዪ።»

ሲቆም ቆመ አለች። በስድስተኛው ቀን ቆመ። በሰባተኛውም ቆመ። በስምንተኛው ቀን ምሳ ላይ ቢሮ ያሉት መነኩሲት በመመገቢያው በር አንገታቸውን ብቅ አድርገው በእጃቸው ጠሯት።

«ባልሽ ደውሎ ነበር። እያለቀሰ ስለሆነ ያለው አልገባኝም» አሉ። «ግን ሂጂ።»

ሄደች። የውሃው በዓል ሁለተኛ ቀን ነበር፣ መቼስ መጥፎ ቀን ሲመርጥ! ድልድዩን እስክትሻገር ድረስ ደህና ነበረች። ከዚያ ወዲህ ከተማው በሙሉ መንገድ ላይ ነው። በየመድረኩ ዘፈን፣ በየጥጉ በርሜል፣ በየእጁ ቱቦ። የሞተር ብስክሌቱ ሹፌር አንገቱን ደፍቶ ይነዳል፤ እሷ ከኋላው ሆና ትጮኻለች።

«ኧረ ተዉኝ! የሚሞት ሰው ጋ ነው የምሄደው!»

«ሙቀት ነው፣ ለእሳቸውም ይውሰዱላቸው እትዬ!» አለ አንዱ ጎረምሳና ሙሉ ባልዲ ከአናቷ ላይ ደፋባት።

ውሃው ያለፈውን ዓመት ክፋት ያጥባል ይባላል። ኦን ዪን ግን በዚያች ግማሽ ሰዓት የተራገመችውን በዓመት አትራገምም። እቤት ስትደርስ ከነጠላዋ ውሃ ይንጠባጠባል። ግቢው ጭር ብሏል። ለበዓሉ መዶሻዎቹ ቆመዋል። ኮ ትዊን ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ ዓይኑ ቲማቲም መስሏል።

«አሉ?»

«አሉ። ከጠዋት ጀምሮ ዪን፣ ዪን ነው የሚሉት። እኔን ውጣ አሉኝ። መነኩሴው መጥተው ጸለዩላቸውና አሁን ሄዱ።»

እጇን አደራርቃ ገባች። አሮጊቷ በስምንት ቀን ውስጥ ግማሽ ሆነዋል። አተነፋፈሳቸው ያስፈራል፤ አንዴ በኃይል ይስቡና ቀጥ ይላል፤ ዓይናቸው ይፈጥጣል፣ እጃቸው አንሶላውን ይጨብጣል፤ ከዚያ ደግሞ እንደ ሰመጠ ሰው ይስባሉ።

«አመጣሽ?» አሉ።

እንግዲህ ይህች ናት ደቂቃዋ። ኦን ዪን አዎን ልትል አፏን ከፍታ ነበር። አዎን ብትል ደስ ይላቸዋል። ግን ከዚያስ? «እስቲ አሳዪኝ» ቢሉ ምን ልታሳያቸው ነው? የዶ ቾ ቾን ጥጥ?

«አላመጣሁም እማ።»

«ምን?»

«አልሆነልኝም። ስምንት ቀን ተቀመጥኩ፣ ስምንቱንም ቀን አልሆነልኝም።»

የአሮጊቷ ፊት ቀላ። ቁጣው ከእግር ጥፍራቸው ተነስቶ ሲመጣ ይታያል፤ ያ ሲፈሩት የኖሩት ቁጣ፣ እሷው ራሷ ቀስቅሳው! «አንቺ... አንቺ የማትረቢ... አንድ ነገር፣ በሕይወቴ አንድ ነገር ብልክሽ...»

«ማን አስተማረኝና!» ጮኸች ኦን ዪን። የሚሞት ሰው አጠገብ እንደማይጮኽ ታውቃለች፤ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት የታፈነ ነገር አምልጧት ወጣ። «ትንፋሽሽን ዋጪ ያለኝ ማን ነው? አንጓዬን ማን መታኝ? ላየው ስል ይቆማል! ሳያዶ ፊት እንኳ ሃምሳ ሁለት ሰከንድ ቆመ!»

በሩ ላይ ኮ ትዊን የሸሚዙን ጫፍ ነክሶ ቆሟል። ዶ ፕዋ ሺን ምራታቸውን ትኩር ብለው ሲያዩ ቆዩ።

«ሃምሳ ሁለት?» አሉ በመጨረሻ።

«ሃምሳ ሁለት።»

«እኔ እስከ ሰባ እደርስ ነበር።»

ኩራት ነበረበት፣ በዚያ ጭንቅ ውስጥ! ኦን ዪን ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። አሮጊቷም አፋቸው ጠመም አለ፤ ሳቁ ግን ወደ ሳል ተለወጠ። ሳሉ ሲበርድ እጇን ያዙና አንጓዋን፣ በማስመሪያ ይመቷት የነበረውን ቦታ፣ በአውራ ጣታቸው አሹት።

«እኔም እኮ እንዳንቺው ነኝ» አሉ፣ አሁን ድምፃቸው የልጅ ነበር። «አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ብቻዬን ስሞክር ነበር። ልየው እላለሁ፣ ይቆማል። ሲቆም ሞት የመጣ ይመስለኛል። እደነግጣለሁ። ፈራሁ ዪን። እኔንም እናቴ ናት በማስመሪያ ያስተማረችኝ።»

ኦን ዪን ያን ሰዓት ነው የሳያዶ ነገር የገባት። ቤታቸው ውስጥ አለ። ያለ ነገር ነው፤ ሁለት ባለሙያ ሴቶች ሙያቸው ሆኖ አፍነው ያዙት እንጂ። እጇን ከአማቷ እጅ አስለቀቀች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«መጣሁ።»

ወደ ወርቅ ክፍሉ ገብታ እጇን እስከ ክርኗ አደረቀችና አንዲት ቅጠል በቀንድ መቆንጠጫው ጫፍ አንስታ መጣች። ፀሐዩ ላይ ስትደርስ ቅጠሏ ክፍሉን በሙሉ ቢጫ አደረገችው። የአሮጊቷ ዓይን ፈጠጠ።

«ወርቅ ይዘሽ በነፋስ ትሄጃለሽ? አበድሽ? ትዊን! ማራገቢያውን አጥፋ! በሩን ዝጋ!»

ኮ ትዊን አጠፋ፣ ዘጋ። ሙቀቱ ወዲያው ጉብ አለባቸው። ውጭ ዘፈኑ ያጓራል። ኦን ዪን ከራስጌው ተቀመጠችና መቆንጠጫውን ከአማቷ አፍንጫ ስር፣ አንድ ጣት ያህል ራቅ አድርጋ ያዘችላቸው። እጇ አልተንቀጠቀጠም።

ቅጠሏ ተንጠልጥላ ቀጥ አለች። አሮጊቷ ትንፋሻቸውን ውጠዋላ! የለመደባቸው ነገር፤ ወርቅ ፊታቸው ቀርቦ እንዴት ይተነፍሳሉ?

«ይልቀቁት እማ።»

በዓይናቸው እንቢ አሉ። ግንባራቸው ላይ ደም ሥራቸው ተገተረ።

«ይልቀቁት!»

«ይበራል!» አሉ በታፈነ ድምፅ።

«ይብረር!»

ለቀቁት። ሰማንያ አንድ ዓመት የተጠራቀመ የሚመስል ትንፋሽ ወጣ፤ ቅጠሏም ከመቆንጠጫው ተነጥቃ ተገለባበጠችና ጉንጫቸው ላይ ተለጠፈች። ኦን ዪን አየቻት። በሕይወቷ ወርቅ የለጠፈችበት የመጀመሪያው ፊት ይሄ ሆነ። አልነካቻትም። ሁለተኛዋን ቅጠል ልታመጣ ተነሳች፤ አሮጊቷም «አባካኝ» አሏት፣ ግን ቶሎ ተመለሺ እንደማለት ነበር።

ሁለተኛዋ አልበረረችም። እሳቸው ሲስቡ ወደ እሳቸው ታጋድላለች፣ ሲያወጡ ወደ ኦን ዪን። ዶ ፕዋ ሺን ቅጠሏን እያዩ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ገባ። ወጣ። ሲቆም ቅጠሏም ትቆማለች፤ ኦን ዪን «ቆመ» ትላለች፣ ደሞ ራሱ ይመጣል። «አያችሁ፣ መጣ» ይላሉ አሮጊቷ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። እጃቸው ከአንሶላው ላይ ቀስ በቀስ ተፈታ። እንዲህ ሆነው ቁጭ አሉ፤ ጥላው ከአልጋው እግር ተነስቶ ግድግዳው እስኪደርስ ድረስ።

ከዚያ ያ የተፈራው ነገር መጣ። የሰፈር ጎረምሶች ከነበርሜላቸው እያጓሩ ግቢውን ሰብረው ገቡና «ኮ ትዊን! ሳትረጥብ ልትውል ነው?» እያሉ የቆርቆሮውን በር ድርግም! አደረጉት። ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። እንሽላሊቱ ወደ ጣሪያው ሮጠ። ኮ ትዊን ሊደባደብ እየሮጠ ወጣ። ኦን ዪን አማቷን አየች። ዶ ፕዋ ሺን አፋቸውን ከፍተዋል። ስድቡ ጥርሳቸው ላይ ደርሷል። ቅጠሏ በትንፋሻቸው ተርገፈገፈች። ዓይናቸው ቅጠሏ ላይ ወደቀ።

«እዪ» አሉ ቀስ ብለው። «ተናደደች።»

አፋቸውን ገጠሙና መርገፍገፏ እስኪበርድ ድረስ አዩዋት። በረደች። ፊታቸው ላይ ኦን ዪን በሠላሳ አንድ ዓመት አይታው የማታውቀው ነገር ነበር፤ ሰላም ብላ ለመጥራት እንኳ ፈራች። ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም። ገባ፣ ወጣ ትል የነበረችው ኦን ዪን ነበረች፣ በሹክሹክታ። ቅጠሏ ማጋደሏ እያነሰ ሄደ። በመጨረሻ ፀጉር እንኳ የሚያህል አልነበረም፤ አሮጊቷ ግን በግማሽ ዓይናቸው ያዩታል።

ቅጠሏ ቆመች።

ኦን ዪን «ቆመ» አለች። ጠበቀች። ኮ ትዊን ተመልሶ በሩ ላይ ቆሟል፣ ሸሚዙ ረጥቧል፣ እሱም ይጠብቃል። ኦን ዪን እንደ ልማዷ ቆጠረች። ሃምሳ ሁለት አለፈ። ሰባም አለፈ።

ቅጠሏ ተንቀሳቀሰች! ኦን ዪን አጎነበሰች። አዎ፣ ወዲህ አጋደለች። ወዲያ አጋደለች። ወዲህ፣ ወዲያ፣ በዝግታ፣ ማንም ሳያፍናት። ወደ አማቷ ፊት አየች። ግማሽ የተከፈተው ዓይን አልተርገበገበም፣ ጉንጫቸው ላይ ያለችው ወርቅ አልተንቀሳቀሰችም። ያኔ ገባት። ቅጠሏን የሚያወዛውዘው የራሷ ትንፋሽ ነበር። እያየችው ይመጣል፤ እያየችው ይሄዳል። ልያዝህ አላለችውም።

«ዪን» አለ ኮ ትዊን ከበሩ፣ የታፈነ ሕፃን በሚመስል ድምፅ። «አሁን ማልቀስ ይቻላል?»

«አሁን አልቅስ» አለችው።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ቅጠሏ ከመቆንጠጫው ተላቀቀችና በአልጋው ላይ አልፋ ወደ መስኮቱ በረረች። ኦን ዪን በዓይኗ ተከተለቻት እንጂ እጇን አልዘረጋችም።